ስለ ፍጥነትና ስለ አንዲት ጊደር

ከድምፅ በሚፈጥን የመንገደኛ አይሮፕላን ተሳፍሬ አውቃለሁ ስል የእንጅባራ ወጣቶች መጀመሪያ ይስቃሉ፤ ቀጥለውም ይጠይቃሉ። የሚስቁበት ምክንያት ይገባኛል። ከአዊ ምድር ወጥቶ ኮንኮርድ ላይ የተሳፈረ ሰው አለ ብሎ ማመን ያስቸግራል፤ እኔም ራሴ አንዳንድ ጊዜ የሌላ ሰው ታሪክ የማወራ ይመስለኛል። የሚጠይቁኝም ሁልጊዜ አንድ ነገር ነው፤ «እንዴት ያደርጋል? ምን ይሰማል?» ይሉኛል። በአጭሩ ከተመለሰ መልሱ «ምንም አይሰማም» ነው። ዳሩ ግን እንዲህ ብሎ ማለፍ ያችን ቀን መበደል ስለሚሆንብኝ፣ ነገሩን ከነምክንያቱ በጽሑፍ ማስረዳት ይሻላል ብዬ አሰብሁ።

አስቀድሜ ከድምፅ መፍጠን ማለት ምን እንደ ሆነ ልናገር። ወጣት አንባቢ ሆይ፣ ይህን ለማወቅ ፈረንሳይ አገር መሄድ አያስፈልግህም። በቡሄ ሰሞን ጅራፍ አጩኸህ ከሆነ አንተም ከድምፅ የፈጠነ ነገር ሠርተሃል። ጅራፍ ሲገመድ ከእጀታው በኩል ወፍራም ሆኖ ወደ ጫፉ እየቀጠነ ይሄዳል። ሲወነጨፍ ኃይሉ ከወፍራሙ ወደ ቀጭኑ እየተላለፈ ፍጥነቱ ይበረታል፤ በመጨረሻም ጫፉ ከድምፅ ይቀድማል። ያ «ጧ!» የሚለው ጩኸት ጅራፉ መሬት በመምታቱ የመጣ አይደለም፤ አየሩ ቀስ ብሎ ገለል ለማለት ጊዜ አጥቶ በድንገት ሲጨፈለቅ የሚያሰማው ድምፅ ነው። ኮንኮርድም በሰማይ የሚሠራው ይህንኑ ነበር። ልዩነቱ፣ ጅራፍ አንድ ጊዜ ጮሆ ዝም ሲል፣ አይሮፕላኑ ጩኸቱን በሄደበት መንገድ ሁሉ እየጎተተ መሄዱ ነው። ከታች ያለው ሕዝብ ነጎድጓድ የመሰለ ድምፅ ይሰማል፤ የመስኮት መስተዋትም ይንቀጠቀጣል። ስለዚህ አሜሪካኖች በ1965 ዓ.ም. እንዲህ ያለው የመንገደኛ አይሮፕላን በምድራቸው ላይ ከድምፅ ፈጥኖ እንዳይሄድ ከለከሉ፤ ሌሎችም አገሮች እንዲሁ አደረጉ። በዚህም ምክንያት ኮንኮርድ ፍጥነቱን የሚያሳየው በባሕር ላይ ብቻ ሆኖ ቀረ።

ስለ መጠኑ ደግሞ እንዲህ ነው። ድምፅ በምድር አጠገብ በሰዓት 1,200 ኪሎ ሜትር ያህል ይጓዛል፤ ከፍ ብሎ ብርድ በጸናበት ሰማይ ግን ወደ 1,060 ይወርዳል። ኮንኮርድ የዚህን እጥፍ፣ ይኸውም በሰዓት 2,150 ኪሎ ሜትር ገደማ ይሄድ ነበር። ከእንጅባራ እስከ ባሕር ዳር ያለውን 120 ኪሎ ሜትር የሚያህል መንገድ ጀበናው ሳይፈላ፣ ከአራት ደቂቃ ባነሰ ጊዜ ይጨርሰዋል ማለት ነው።

የሠሩት እንግሊዞችና ፈረንሳዮች በአንድነት ናቸው። መጀመሪያ ከመሬት የተነሣውም በፈረንሳይ አገር በቱሉዝ ከተማ በየካቲት 23 ቀን 1961 ዓ.ም. ነው። ቀኑን አስተውሉት፤ እኛ የዐድዋን ድል የምናስብበት ዕለት ነው። እነርሱ ይህን አስበው እንዳላደረጉት የታወቀ ነው፤ ነገር ግን እኔ የፈረሰኛ ልጅ ስለ ሆንሁ ግጥምጥሙ ይደንቀኛል። የአገው ፈረሰኞች ማኅበር በ1932 ዓ.ም. የተመሠረተው በዐድዋ ከአርበኞቹ ጋር የዘመቱትን ፈረሶች ለመዘከር ነውና። መንገደኛ እየጫነ መሥራት የጀመረው ደግሞ በጥር 12 ቀን 1968 ዓ.ም.፣ በቃና ዘገሊላ ዕለት ሲሆን፣ የፈረንሳዩ ከፓሪስ በዳካር በኩል ወደ ሪዮ ዴ ጃኔሮ፣ የእንግሊዙ ከለንደን ወደ ባሕሬን ሄዱ። ሩስያውያን ቱፖሌቭ 144 የሚባለውን በታኅሣሥ 1961 ዓ.ም. ቀድመው አንሥተው ነበር፤ ሆኖም መንገደኛ ይዞ ከሞስኮ ወደ አልማ አታ 55 ጊዜ ብቻ ከበረረ በኋላ በ1970 ዓ.ም. ቀረ። በዓለም ላይ መንገደኛ የጫኑ ከድምፅ ፈጣን አይሮፕላኖች እነዚህ ሁለቱ ብቻ ናቸው።

እኔ የተሳፈርሁት በኅዳር ወር 1979 ዓ.ም. ነው። በዚያን ጊዜ በኒውዮርክ ከተማ በአንድ መሥሪያ ቤት በጸሐፊነት እሠራ ነበር። አንድ ማታ ስልክ ተደወለልኝና አባቴ በጠና መታመማቸውን ሰማሁ። ይህ ወሬ እንዴት እንደ ደረሰኝ በኋላ ጠይቄ ተረድቻለሁ። ወንድሜ በዘንገና ሐይቅ በኩል ካለው ቀበሌያችን በፈረስ ጋልቦ፣ በዚያ ዘመን ኮሶበር ትባል ወደ ነበረችው ወደ እንጅባራ ከተማ ገባ፤ ከዚያ አዲስ አበባ ላለ ዘመዳችን ስልክ ደወለ፤ ዘመዳችንም ለእኔ። ከፈረሱ በቀር ወሬውን ያዘገየ ነገር አልነበረም፤ ፈረሱም ቢሆን የፈጀው ከአንድ ሰዓት እምብዛም አይበልጥም።

ወሬው እንዲህ ቶሎ ከደረሰ ሰውየው እንዴት ቶሎ ይድረስ? ያን ሌሊት ኒውዮርክ ያለን ኢትዮጵያውያን በአንድ ወዳጃችን ቤት ተሰብስበን የተከራከርነው በዚህ ነገር ነው። የአገራችን አየር መንገድ ከለንደን ወደ አዲስ አበባ የሚበረው በሳምንት ጥቂት ቀን ብቻ ነበር። አንደኛው በረራ በማግሥቱ ማታ ሲሆን ቀጣዩ ከሦስት ቀን በኋላ ነው። ተራው አይሮፕላን ከኒውዮርክ ማታ ተነሥቶ ለንደን የሚደርሰው በሚቀጥለው ጧት ስለ ሆነ፣ በእርሱ ብሄድ ሦስት ቀን ለንደን መቀመጤ ነው። ማለዳ የሚነሣው ኮንኮርድ ግን አመሻሹ ላይ ያደርሰኛል። ዋጋው የሁለት ወር ደመወዜን የሚያልፍ ነበር።

ከመካከላችን በዕድሜ የሚበልጡት ሰው እንዲህ አሉ፤ «ይህን ሁሉ ገንዘብ ለብረት ከምትሰጥ ለአባትህ ላክላቸው። ወደ ባሕር ዳር ወርደው ይታከሙበታል፤ ከተረፈም ለቤቱ ይሆናል። አንተ ሐኪም አይደለህ፣ ሄደህ ምን ታደርጋለህ?» ይህ ቃል ቀላል አይደለም። እስከ ዛሬም ድረስ አስበዋለሁ፤ ምክንያቱም በቁጥር ቢሰላ የእርሳቸው ሒሳብ ትክክል ነበር። በቤታችን ውስጥ ያን ያህል ገንዘብ አንድ ጊዜ ታይቶ አያውቅም። እኔ ግን እንዲህ ብዬ መለስሁ፤ «ገንዘብ ተልኮ አባትን ቀና አድርጎ ውሃ አያጠጣም።» በነገሩ ብዙ ከተባለበት በኋላ በዚያ ወር ዕቁብ የደረሰው ወዳጃችን ዕጣውን ለእኔ ለቀቀልኝ። ያን ዕቁብ ስምንት ወር ከፍዬዋለሁ። ላክላቸው ያሉትም ሽማግሌ ከኪሳቸው ጨምረው፣ በማለዳ እስከ አይሮፕላን ማረፊያው ድረስ ሸኙኝ።

አሁን ስለ በረራው ልናገር። ኮንኮርድ ከሩቅ ሲታይ አንገቱን ያቀረቀረ ወፍ ይመስላል። ሲነሣና ሲያርፍ አፍንጫው ወደ ታች ይታጠፋል፤ ይህም አብራሪው መንደርደሪያውን እንዲያይ ነው። ውስጡ ግን እንደ ዝናው አይደለም። ጠባብ ነው፤ ረጅም ሰው ራሱን ዝቅ ማድረግ አለበት። ከመተላለፊያው ግራና ቀኝ ሁለት ሁለት ወንበር ተደርድሮ መቶ ሰው ያህል ይይዛል። መስኮቱ ከውዳሴ ማርያም መጽሐፍ እምብዛም አይበልጥም፤ ምናልባት ቢሰበር እንኳ የውስጡ አየር በአንድ ጊዜ እንዳያልቅ ተብሎ የተደረገ ነው። እኔ አጠገብ የተቀመጠው ነጋዴ በወር ሁለት ጊዜ እንደሚመላለስ ነገረኝ፤ ወዲያውም ጋዜጣውን ዘርግቶ አነበበ፤ ከዚያም ተኛ። ይህን ያህል ገንዘብ ከፍሎ መተኛት ያን ጊዜ አስገርሞኝ ነበር።

ሲነሣ ግን ማንም አይተኛም። ሞተሮቹ አራት ናቸው። ለመነሻ ጊዜ ከሞተሩ በሚወጣው ትኩስ ነፋስ ላይ እንደገና ነዳጅ ስለሚረጭበት ኃይላቸው ይጨምራል፤ ጀርባችንም ከወንበሩ ጋር ተጣበቀ። በሕይወቴ ይህን የሚመስል ነገር የማውቀው አንድ ብቻ ነው፤ የአባቴ ዳማ ፈረስ ለጉግስ ሲፈናጠር። ከአንድ ደቂቃ በላይ እምብዛም ሳይቆይ ግን ከታች ያሉት ሰዎች በጩኸቱ እንዳይታወኩ ሞተሩ ቀዝቀዝ ተደረገ፤ ባሕሩ ላይ እስክንወጣ ድረስም እንደ ማንኛውም አይሮፕላን ሄድን።

ከዚያ በኋላ የሆነው ነገር ወጣቶቹን ቅር የሚያሰኘው ነው። ከፊት ባለው ግድግዳ ላይ ቁጥር የሚያሳይ ሰሌዳ ነበረ። የድምፅ ፍጥነት «ማክ 1» ይባላል፤ እጥፉ «ማክ 2» ነው። ከጀርባዬ ቀስ ያለ ግፊት ሁለት ጊዜ ተሰማኝ፤ ሰሌዳው ላይ አንድ ቁጥር ወጣ፤ አለፈ። ያ ሁሉ የተወራለት ነገር ይኸው ነበር። ጩኸት የለም፤ መናወጥ የለም፤ ጩኸቱን የሚሰማው ከኋላችን ያለ መርከበኛ ነው እንጂ እኛ አይደለንም። ሰሌዳው ሁለት ቁጥር ላይ ሲደርስ አስተናጋጅዋ መጠጥ ትቀዳ ነበር፤ በብርጭቆው ውስጥ ያለው መጠጥ እንኳ አልተነቃነቀም።

እንዲያው ግን የሚታይ ነገር አልጠፋም። ከፍታችን ከራስ ዳሸን አራት እጥፍ ወደሚሆን ደርሶ ነበር። በዚያ ከፍታ ደመናው ሁሉ እጅግ ዝቅ ብሎ ይታያል፤ የሰማዩም መልክ ወደ ላይ እየጠቆረ ሄዶ በቀለም ቀንድ ውስጥ ያለ ቀለም ይመስላል፤ የምድርም ጠርዝ ጎበጥ ብሎ ይታያል። ደግሞ መስኮቱን በእጄ ብነካው ሞቀኝ። ከውጭ ያለው አየር ከበረዶ የባሰ ቀዝቃዛ ነው፤ ነገር ግን አይሮፕላኑ በዚያ ፍጥነት ሲጋፋው አየሩ ተጨምቆ ይግላል፤ የአፍንጫው ጫፍ ውሃ ከሚፈላበት በላይ፣ እስከ 127 ዲግሪ ይደርስ ነበር። ከዚህም ሙቀት የተነሣ የአይሮፕላኑ አካል በበረራ ላይ አንድ ስንዝር ያህል ይረዝምና ሲበርድ ተመልሶ ያጥር ነበር።

ከሁሉ ይልቅ ያስደሰተኝን የሰማሁት ግን ከአስተናጋጁ ነው። አይሮፕላን ከድምፅ ሲያልፍ አየሩ ክንፉን የሚደግፍበት ስፍራ ወደ ኋላ ስለሚሸሽ፣ አፍንጫው ወደ ታች ሊደፋ ይፈልጋል። ይህን ለማቃናት ነዳጁን ከፊት ማጠራቀሚያ ወደ ኋላ ማጠራቀሚያ በቧንቧ ያዛውሩታል፤ ሲዘገይም ወደ ፊት ይመልሱታል። ይህን ስሰማ ቁልቁለት ላይ ወደ ኋላ፣ ዳገት ላይ ወደ ፊት እያለ ክብደቱን የሚያዛውር ፈረሰኛ ታየኝ።

እዚህ ላይ ሳልጠቅስ የማላልፈው አንድ ሥራ አለ። በሰኔ 23 ቀን 1965 ዓ.ም. የፀሐይ ግርዶሽ በአፍሪካ ላይ ባለፈ ጊዜ፣ የመጀመሪያው ኮንኮርድ የከዋክብት ተመራማሪዎችን ይዞ ከላስ ፓልማስ ተነሣና በሰሐራ ላይ የጨረቃን ጥላ እየተከተለ እስከ ቻድ ድረስ ሄደ። በምድር ላይ የቆመ ሰው ሙሉውን ግርዶሽ ቢበዛ ሰባት ደቂቃ ያህል ሲያይ፣ እነርሱ 74 ደቂቃ አዩት። ይህን አይሮፕላን ከንቱ ነበር ለሚሉኝ ሰዎች ሁልጊዜ የምጠቅስላቸው ይህን ነው። ፍጥነቱ እንዲህ ለመሰለ ነገር ሲውል እኔም ባርኔጣዬን አነሣለሁ።

ጾመ ነቢያት ስለ ነበረ ከቀረበው ምግብ ዳቦና ቡና ብቻ ወሰድሁ። ሦስት ሰዓት ተኩል ያህል በረን ለንደን ስንደርስ ጨልሞ ነበር። ማለዳ ተነሥቼ ምሳ ሰዓት ሳላይ መሸብኝ፤ ቀኑ በእጄ ላይ አለቀ።

ከለንደን የያዝሁት የአገራችን አየር መንገድ ቦይንግ 767 ነበረ። ይህ አይሮፕላን እንደ ኮንኮርድ አይፈጥንም፤ ነገር ግን ታሪክ አለው። በ1976 ዓ.ም. የኢትዮጵያ አየር መንገድ ይህን ዓይነት አይሮፕላን ከአሜሪካ ሲረከብ፣ ከዋሽንግተን እስከ አዲስ አበባ 12,082 ኪሎ ሜትር መንገድ የትም ሳያርፍ በ13 ሰዓት ከ17 ደቂቃ አመጣው፤ ባለ ሁለት ሞተር የመንገደኛ አይሮፕላን እስከዚያ ጊዜ ድረስ ያን ያህል ርቆ በርሮ አያውቅም ነበር። በ1938 ዓ.ም. በመጋቢት ወር ባረጀ የጦር ዘመን አይሮፕላን በአስመራ በኩል ወደ ካይሮ የጀመረ ድርጅት፣ በ38 ዓመት ውስጥ እዚህ ደርሶ ማየት የሚያኮራ ነው። ደግሞም የዓለም አየር መንገዶች ሁሉ የመረጡት በመጨረሻ ይህንኑ መንገድ ነው፤ ብዙ ሰው ጭኖ፣ ነዳጅ ቆጥቦ፣ ሩቅ መሄድን። ኮንኮርድ በሰዓት 20 ቶን የሚያህል ነዳጅ እየጠጣ መቶ ሰው ብቻ ያደርስ ነበር። በጠቅላላው የተሠሩት 20 ሲሆኑ ለአየር መንገዶች ያገለገሉት 14 ብቻ ናቸው። በሐምሌ 18 ቀን 1992 ዓ.ም. አንደኛው ከፓሪስ ሲነሣ ተቃጥሎ ወደቀና 113 ሰዎች ሞቱ፤ በጥቅምት 13 ቀን 1996 ዓ.ም. የመጨረሻው የመንገደኛ በረራ ሆነ። የተረፉት ዛሬ በየሙዚየሙ ቆመው ይታያሉ።

ወደ ነገሬ ልመለስ። አዲስ አበባ የደረስሁት ረቡዕ ጧት ነው። ከኒውዮርክ ከተነሣሁ አንድ ቀን አልሞላኝም። ወደ ባሕር ዳር የሚሄደው አይሮፕላን ሞልቶ ነበር፤ አውቶቡሱም የሚነሣው ጎሕ ሲቀድ ብቻ ስለ ሆነ ረቡዕን በአውቶቡስ ተራ አካባቢ ዋልሁ፤ አደርሁም። ሐሙስ ሲነጋጋ ተነሣን። ያን ዘመን የሚያስታውስ ሰው የአባይን በረሃ ያውቀዋል። ከጎሐ ጽዮን ቁልቁል እየተጠማዘዝን ወረድን፤ ድልድዩ ላይ ወታደሮች አስወርደው ፈተሹን፤ ከዚያ ወደ ደጀን ዳገቱን በእግር ከሚሄድ ሰው በማይሻል ፍጥነት ወጣን። ሞተሩ ግሎ ሁለት ጊዜ ቆመና ረዳቱ በጀሪካን ውሃ ጨመረበት። ደብረ ማርቆስ አደርን፤ ሌሊት መጓዝ አይፈቀድም ነበርና። አርብ በደምበጫ፣ በፍኖተ ሰላም፣ በቡሬ፣ በጥሊሊ አድርገን ከቀትር በኋላ እንጅባራ ገባን። 5,500 ኪሎ ሜትር የሚያህለውን ባሕር በሦስት ሰዓት ተኩል ተሻግሬ፣ ከአዲስ አበባ እንጅባራ ያለውን 450 ኪሎ ሜትር የማይሞላ መንገድ በሁለት ቀን ጨረስሁት። በዚያ አውቶቡስ ውስጥ አንድም ሰው ሲቆጣ አላየሁም። እኔ ብቻ ነበርሁ ሰዓቴን የማይ።

ወንድሜ ዳማውን ይዞ መንገድ ዳር ቆሞ ነበር። ስልክ ከደወለበት ቀን ጀምሮ በየቀኑ እየመጣ እስኪመሽ ይጠብቀኝ እንደ ነበረ በኋላ ሰዎች ነገሩኝ፤ እርሱ ራሱ አልነገረኝም። ሳየው መጀመሪያ የጠየቅሁት አንድ ነገር ነው። «አሉ» አለኝ።

አባቴ አልጋቸው ላይ ቀና ብለው ተደግፈው አገኘኋቸው። ሰውነታቸው አልቆ ነበር፤ ልባቸው ግን አልደከመም። ጉልበታቸውን ስሜ ተቀመጥሁ። ማታውን ጎረቤት ሁሉ መጥቶ ቤቱ ሞላ፤ ስለ መንገዴም ጠየቁኝ። ስለ ኮንኮርድ ስነግራቸው አባቴ በጸጥታ ሰሙኝ። ከዚያም፣

«ከድምፅ ስትፈጥን ምን ተሰማህ?» አሉኝ።

«ምንም አልተሰማኝም፣ አባባ።»

«ነፋሱስ?»

«ነፋስ የለም። መስኮቱ ዝግ ነው።»

«እንግዲያ መፍጠንህን በምን ዐወቅህ?»

«ግድግዳው ላይ ተጽፎ አየሁ።»

እስኪያስላቸው ድረስ ሳቁ። «ተጽፎ የሚነበብ ፍጥነት!» እያሉ ለመጣው እንግዳ ሁሉ ደጋግመው አወሩት። እርሳቸው ፍጥነትን የሚያውቁት በፊታቸው ላይ በሚመታቸው ነፋስ፣ በፈረሱ ትንፋሽና በጭናቸው ድካም ነው። ነዳጁ ወደ ኋላና ወደ ፊት እየተዛወረ ሚዛን እንደሚጠበቅ ስነግራቸው ግን ሳቃቸውን አቆሙና አሰቡ። «ይህንንስ ፈረሰኛ ሳያማክሩ አልሠሩትም» አሉ።

በሁለተኛው ሌሊት ሁሉም ሲተኛ ጠሩኝ። ወንድሜ ከበረት አልተመለሰም ነበር። «ሳልነግርህ ብሞት ከእኔ ጋር የሚቀበር ነገር አለ» ብለው ጀመሩ። እኔ አዲስ አበባ ለትምህርት በሄድሁበት ዓመት፣ ለመንገዴና ለልብሴ ገንዘብ በቸገራቸው ጊዜ፣ ባሏ የሞተባት አንዲት ጎረቤታችን ያለቻትን ጊደር ሰጥታቸው ሸጡ። ወረቀት አልተጻፈም፤ ምስክርም አልቆመም። በየዓመቱ ሊመልሱ አስበው በየዓመቱ አንድ ነገር ይመጣባቸው ነበር። ሴትየዋ አንድ ቀን እንኳ አልጠየቀቻቸውም። «ከሃያ ዓመት በኋላ ብትጠይቅ ማን ያምናታል?» አሉኝ።

«ለወንድሜስ ለምን አልነገሩትም?» ብዬ ጠየቅሁ።

«ወንድምህ ይከፍላል። ግን እየተቆጣ ይከፍላል፤ በልቶም ለብሶም የሄድህ አንተ ነህና። ተቆጥቶ የተከፈለ ዕዳ ለእርሷ ስድብ ነው። አንተ ክፈላት፤ በራስህም እጅ ስጣት። ያን ጊዜ ጊደር ነበረች፤ ዛሬ ብትኖር ላም ናት። ላም ከነጥጃዋ ስጣት።»

በመጣሁ በአራተኛው ሌሊት፣ ሊነጋ ሲል ዐረፉ። ውሃ ስጡኝ ብለው ቀና ያደረግኋቸው እኔ ነበርሁ። በዚያ ሰዓት ለንደን ብቀር ኖሮ ገና ከአውቶቡሱ አልወርድም ነበር። የኒውዮርኩ ሽማግሌ ሒሳብ ትክክል ነበር ብያለሁ፤ አሁንም እንዲያው እላለሁ። ነገር ግን ሒሳቡን በሠራንበት ሌሊት ስለ ጊደሯ የሚያውቅ ሰው በመካከላችን አልነበረም። በቀብሩ ዕለት ፈረሰኞች ባልንጀሮቻቸው ከየአቅጣጫው መጡ፤ ዳማውም ግላሱን ለብሶ፣ ኮርቻው ባዶ ሆኖ፣ በወንድሜ እጅ እየተሳበ ከፊት ሄደ።

ከሠልስት በኋላ ነገሩን ለወንድሜ ነገርሁት። ጥቂት ዝም አለና «ላም መግዛት አትችልበትም፤ ያታልሉሃል» አለኝ። ተነሥቶም አብሮኝ እንጅባራ ገበያ ወጣ። ከዕቁቡ በተረፈኝ ገንዘብ፣ ወንድሜ ጥርሷን አይቶ፣ ጀርባዋን ዳብሶ፣ ሦስቱን ጥሎ አራተኛዋን መረጠልኝ። ጥጃዋ ገና የሁለት ወር ነበረች።

ሴትየዋን ደጃቸው ላይ ገብስ ሲያሰጡ አገኘናቸው። በጣም አርጅተዋል። የመጣሁበትን ስነግራቸው አላለቀሱም፤ አልመረቁምም። ላሟን ዞር ዞር ብለው አዩአት፤ ግንባሯንም በመዳፋቸው ዳበሱ።

«የእኔዋ ቦቃ ነበረች» አሉ።

«ቦቃ ፈልገን አጣን፣ እማማ» አለ ወንድሜ።

«ትታለባለች?»

«በደንብ ትታለባለች።»

ገመዱን ከእጄ ተቀበሉና ከቀርከሃው አጥር ጋር አሰሯት፤ ጥጃዋንም ከጥላው ሥር አስገቡ። ከዚያ ወደ እኛ ዞረው «በሉ ግቡ፤ ጠላ አለ» አሉን።